ለተነቀሉ አበቦች ስለሚረጨው ውኃና ስለ መኪናዬ ቀለም

ለክቡር የአረንጓዴ ስፍራዎች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ፣ ጉልበትዎና በተለይም እንቅልፍዎ እንዴት ከርመዋል? እኔ ከጉልበቴ ሕመምና ከእርስዎ ውኃ በቀር ደህና ነኝ።

ከቤቴ ፊት ለፊት የነበረው የአበባ መደብ ተነቅሎ፣ በሲሚንቶ ተለስኖ የመኪና ማቆሚያ መሆኑን ያውቃሉ፤ ያስነቀሉት እርስዎ ነዎትና። በሰዓቱ በራሱ የሚከፈተውን የውኃ መርጫ ንቀል ተብሎ የታዘዘ ሰው ግን ስላልነበረ፣ እሱ በቦታው ቀርቶ ዛሬም ጎህ ሲቀድ የሌሉትን አበቦች ያጠጣል። ከመሥሪያ ቤትዎ በሰዓቱ ሥራ የሚገባው እሱ ብቻ ነው ብሎ የሚያማ ጎረቤት አለኝ፤ እኔ አላልኩም።

አቤቱታዬ የሚከተለው ነው።

1. ውኃው የጉድጓድ ነው፤ ኖራ ይበዛዋል። በጥቁሩ መኪናዬ ላይ ሲያርፍ ገና እርጥብ ሳለ ቢጠርጉት ይለቃል፤ ፀሐይ ከቀደመች ግን እያንዳንዷ ጠብታ ነጭ ቀለበት ሆና ትደርቃለች፤ ስትሰነብት ደግሞ ቀለሙን በልታ ትገባለች። ስለዚህ በየማለዳው ጨርቅ ይዤ ከፀሐይ ጋር ስሽቀዳደም ከረምኩ። እሷን ጉልበቷን አያማትም።

2. ኮምጣጤ በውኃ አቅጥኜ የመኪናዬን ኮፈን ሳሽ ባለቤቴ አይታ፣ ሰላጣ ልሠራው እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከላይ ያለው ነጩ ለቀቀ፣ የተበላው ቀረ። ይህች ሴት ከቤት ስትወጣ ሻሿን የምታስተካክለው ኮፈኑ ላይ ፊቷን እያየች ነበር፤ በቀደም ጎንበስ ብላ አየችና «አንተ ሰውዬ፣ ፊቴ እንዲህ ሆኖ ነው ዝም ያልከኝ?» አለች። በዚህ ዕድሜዬ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ እንድፈልግ ስላበቁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

3. ቀደም ሲል ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ውኃው ለአበቦቹ ስለሚያስፈልግ እንደማይቋረጥ በትሕትና ተነገረኝ። ሲሚንቶው ሲያብብ እንዲያሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። መኪናህን ሌላ ቦታ አቁም እንዳይሉኝም፣ በመንገዱ ሌላ ወገን ማቆም በእርስዎው ማስታወቂያ ተከልክሏል።

4. ይህኛው ቀልድ የለበትም። የልጅ ልጄ የፊታችን እሑድ ታገባለች። ተወልዳ ከሆስፒታል ቤት የገባችው በዚህች መኪና ነው። የኪራዩን መኪና እምቢ ብላ፣ አያቴ በዚያችው ካልወሰደኝ በእግሬ እሄዳለሁ ብላለች፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰችው ባለቤቴን ይጠይቁ። ቀለም ቀቢው ኮፈኑን ዳስሶ፣ ቀለሙ በፍግፈጋ ብዛት ስለሳሳ ከእንግዲህ የሚችለው አንድ ፖሊሽ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ብረቱ ይወጣል ብሎኛል። ያቺን አንዷን ዓርብ እንጨርሳታለን። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ታታሪው ሠራተኛዎ ከተነሣና እኔ ከፀሐይ ከዘገየሁ ግን፣ ሙሽራዬ የምትሳፈረው ነጠብጣብ ላይ ነው፤ የምፍቀውም ቀለም አይኖረኝም።

ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። የምለምነው አበቦቹ እስከ እሑድ ማታ ውኃ እንዲጠማቸው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከፈለጉ እኔንም ያጠጡኝ።

ከመሬት እስከ ኮፈን ከፍታ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ጨርቄን በእጄ እንደያዝኩ፣
የማቆሚያው ፊት ለፊት ነዋሪ፣ የሙሽራዋ አያት

ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መልስዎን እስኪልኩልኝ መኪናዬን በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ፣ ለእርስዎ በተከለለው ጥላ ሥር አቁሜያታለሁ። ጥበቃው አባትዎ መስዬው በሩን ከፈተልኝ፤ ልጆችን መቆጣት ስለምወድ አላረምኩትም። የእርስዎ መኪና የት ትደር ብለው አይጨነቁ፤ በቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ቦታዬን ለቅቄልዎታለሁ። ውኃው በሰዓቱ ይመጣል።