ለዘይኔ፣ ድልድዩን ስለ መሻገሬ

ዘይኔ የእኔ፣ ሰላም በአንቺ ላይ ይሁን።

ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አዳማ ሙቀቷም አቧራዋም እንደተውሻት ነው። የባጃጅ መለዋወጫ ሱቄ ደህና ይሠራል፤ ወጥ መሥራት ግን አቃተኝ። ባለፈው የሠራሁትን ምስር የጎረቤት ድመት አሽታ ዞር ብላ አየችኝ፤ አስተያየቷ ቁርጥ አንቺን!

ትልቁ ወሬ ግን ልጃችን ሀያት ማግባቷ ነው። ባሏ ኢድሪስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይሠራል። አባቱ ታመው መንገድ ስለማይችሉ ኒካው እዚያው ይሁን ተባለ። ጅቡቲ ማለት ባቡር ነው፤ ባቡር ማለት ደግሞ ድንበሩ አጠገብ ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ። ድልድይ እንደምፈራ ካንቺ በላይ ማን ያውቃል?

አዲስ ሙሽሮች ሆነን ጅቡቲ ያለችውን አክስትሽን ልንጠይቅ በድሮው ባቡር ስንሄድ፣ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ ጉልበትሽን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩ። ጉልበቱ ለካ ያንቺ አልነበረም። «ልጄ፣ ተሻግረናል፤ ጉልበቴን ልቀቅልኝ» አሉ አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ። አንቺ በሳቅ ከወንበርሽ ወደቅሽ። ከዚያ ወዲያ ይህን ሳታወሪ የወጣሽበት ሰርግ የለም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ አልማርሽኝም። አሁን ባቡሩም ድልድዩም አዲስ ነው። ፍርሃቴ ግን የድሮው ነው።

ወንድሜ «በስልክ ውክልና ስጥና ሌላ ሰው ይዳርልህ፤ ተገላገል» ብሎ መከረኝ። ደስ እያለኝ ለሀያት ነገርኳት። ልብስ እያጠፈች፣ «እማዬ የለችም፤ አንተም በስልክ ነህ» አለች። በማግስቱ ለሁለታችን ቲኬት ቆረጥኩ።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ ፓስፖርታችን ታይቶ ወደ ባቡሩ ተመለስን። አጠገቤ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከሻሸመኔ የመጡ እናት ነበሩ። ድልድዩ ሲደርስ እንዲነግሩኝ፣ ዓይኔን እንደምጨፍን አስረዳኋቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ የጉልበቱን ነገር አወራሁላቸው፤ ሳቃቸው እንባ አመጣ። «ሌላስ?» አሉ።

ሌላማ ሞልቶ! ገበያ ውስጥ ቲማቲም አንዱን ስታነሺ አንዱን ስትጥዪ፣ ሻጯ ተስፋ ቆርጣ «እህቴ፣ ነይ አንቺው ሽጪው» ብላ መቀመጫዋን እንደለቀቀችልሽ ነገርኳቸው። አንቺም ተቀምጠሽ ቅርጫቱን ጨርሰሽላት ተነሳሽ። ድምፅሽን እያስመሰልኩ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ስተርክ ድንገት ባነንኩ።

«ድልድዩስ?»

«የቱ ድልድይ? ሚስትህ ቲማቲም ስትሸጥ ተሻገርነው እኮ!»

ሀያት ፊት ለፊታችን ተቀምጣ ሁሉንም እያየች ዝም ብላኛለች። ያንቺ ልጅ!

ኒካው አማረ። እጄን ከኢድሪስ እጅ ጋር አገናኝተው ኢማሙ ኒካውን አሰሩ። ከሴቶቹ ወገን እልልታ ሲነሳ እንደ ልማዴ አንቺን ፍለጋ ዞርኩ። ከሁሉ ቀድመሽ ጀምረሽ ከሁሉ ዘግይተሽ የምትጨርሺው አንቺ ነበርሽ። እልልታው ቶሎ አለቀ፣ ዘይኔ። በጣም ቶሎ አለቀ።

ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ። ድልድዩ ላይ በመስኮት ወደ ታች አየሁ፤ ወንዙ ጠብታ ውሃ የለውም። አሸዋው ላይ ፍየሎች ተጋድመዋል። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ፍየል ነው!

ሀያት ስትወልድ ደግሜ መሄዴ አይቀርም። አጠገቤ የሚቀመጠው ማንም ይሁን ማን፣ ወደደም ጠላም፣ አንቺን ሳያውቅ ከባቡሩ አይወርድም።

ባልሽ