የጋሼ ጋረደው ቁልፍ

ገዳሪፍ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለናፈቅሁሽ እናቴ፣

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ብርቱካንስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እኔ ደህና ነኝ። ከስቶ እንደሆነ ብለሽ ጋሼን እንዳትጠይቂያቸው፤ ያጋንናሉ።

ይህን ደብዳቤ ያመጡልሽ ወንድምሽ፣ ጋሼ ጋረደው ናቸው። ይኸው አርባ ዓመት በስልክ ድምፃቸውን ብቻ ስትሰሚ ኖረሽ አሁን ከፊትሽ ቁጭ ብለዋል። መጀመሪያ ተላቀሱ፤ ምሳችሁንም ብሉ። ከዚያ ብርቱካን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብበው፣ ጋሼ ባሉበት። የብየዳ እሳት ዓይናቸውን ስላደከመው ራሳቸው አያነቡትም፤ ቢያነቡም የሰው ፖስታ የሚከፍቱ ሰው አይደሉም። ፖስታው ውስጥ አንድ ብረት አለ። ብርቱካን እስክትጨርስ አታውጪው።

በስልክ እንዳልነግርሽ እናንተ ጋ ኔትወርክ ሲኖር እኛ ጋ የለም፤ እኛ ጋ ሲኖር ደግሞ ጋሼ አጠገቤ ናቸው።

«ደከመኝ፣ ሥራዬን ትቼ መጣሁ» ይሉሻል። አልተዉም። ተባረው ነው፤ የተባረሩትም በእኔ ጥፋት ነው። ይኸው ጻፍሁት። ሁለት ወር ሙሉ ደብቄው ኖርሁ።

ዲግሪዬን ይዤ ሁለት ዓመት ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር እንደቆምሁ ታውቂያለሽ። መተማን ተሻግሬ ስመጣ እጄን ይዘው ሐጂ አደም ፊት ያቆሙኝ ጋሼ ናቸው። ሐጂ አደም እዚህ ያለ የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካ ባለቤት ነው፤ ሠራተኛው ሙዲር ይለዋል። ሻንሲው፣ ማለት የመኪናው አጽም፣ ከነሞተሩ በሣጥን ሆኖ ከወደብ ይመጣል፤ እኛ ጋቢናውን እንጭናለን፣ ጎማ እናስራለን፣ የዕቃ መጫኛውን ቆርጠን እንበይዳለን። የሰሊጥና የማሽላ ነጋዴ የሚሠራበት የጭነት መኪና ሆኖ ይወጣል። ጋሼ የሁሉም አለቃ ነበሩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት። እኔ ሜካኒካል ኢንጂነሩ ቡሎን አጥባቂ። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ቱርካ የሚባል በያጅ፣ «ያ ሙሀንዲስ! አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አስተምረውህ ከሆነ» ይለኝ ነበር።

አምና ግን ወደ ሾዋክ በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ የውጭ ኩባንያ የመስተዋት ቤት ከፈተ። ነጫጭ መኪኖች ተገጣጥመው አልቀው ይመጡለታል። ነጋዴው ጠዋት ገብቶ ከሰዓት እየነዳ ይወጣል። የእኛ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ጦርነቱ ከመጣ ወዲህ ሣጥኑ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ ሁለት ወርም ሦስት ወርም ነው። የእነሱ በምን በኩል እንደሚገባ እንጃ። መኪናቸው የማይረባ ቢሆን እኮ አልናደድም ነበር። ጥሩ ነው እማዬ! ሥሩ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ዘበኛው እግሬን ጎትቶ እስኪያወጣኝ ድረስ። ቀን በቀን ገበያችን ሲሄድ እያየሁ፣ የተማርሁት ነገር ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ዝጎ ሊቀር ነው እያልሁ እበግን ነበር። ሙዲሩም በየጠዋቱ፣ «ወይ ፍጠኑ፣ ወይ እዘጋዋለሁ» ይለናል።

አሁን የጋሼን ልማድ ልንገርሽ። አንድ መኪና ሲያልቅ ሳይፈተን አይወጣም። አሸዋ በጆንያ እንጭንበታለን፤ ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ ይወጣበትና እያንዳንዱ እሱ ራሱ ካሰረው ነገር በላይ ይቀመጣል። በያጁ የበየደው ጥግ ላይ፣ ጎማ ያሰረው ከጎማው በላይ። «ያሰርኸውን ተቀመጥበት!» ይላሉ ጋሼ። ከከተማ ወጥተን ክረምት የቦካው ጥቁር አፈር ደርቆ በተሰነጣጠቀበት ሜዳ ላይ ግማሽ ቀን እንንገጫገጫለን። እሳቸው ያለ ምንጣፍ፣ ከኋላ ባሌስትራው በላይ። ባሌስትራ ማለት ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመው ዝርግ ብረት ነው። በድንገት «አቁም!» ይላሉ፤ ወርደን ስናይ የላላ ነገር ይገኛል። ቱርካ፣ «ሰው በጆሮው ይሰማል፣ ጋሼ በቂጣቸው ይሰማሉ» ይላል። ብርቱካን፣ ይቺን ዝለያት።

ኅዳር ላይ ጋሼ የስደተኛ ወረቀታቸውን ለማሳደስ ሾዋክ ሄደው ሦስት ቀን ቆዩ። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ፣ «እስከ ሐሙስ ካልሰጣችሁኝ ከመስተዋት ቤቱ እገዛለሁ» አለ። ሙዲሩ ወደ እኔ ዞረና፣ «ሙሀንዲስ፣ ትችላለህ?» አለኝ። እማዬ፣ በሙያዬ መጠራት እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። «እችላለሁ» አልሁ።

ከሣጥኑ ጋር የመጣው የአምራቹ ሥዕል ባሌስትራው ዘጠኝ ብረት ነው ይላል። ጋሼ ሁልጊዜ ሁለት ይጨምራሉ፤ ለምን ስላቸው «እንዲህ ነው» ከማለት በቀር አያስረዱም። እኔ ሁለቱን ተውኋቸው፤ ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሥዕሉም አይልም ብዬ። ፈተናውንም ተውሁት፤ ግማሽ ቀን ይፈጃላ! የውጮቹ ማን ተቀምጦባቸው ነው? ረቡዕ ማታ አለቀች፤ ሐሙስ ጠዋት ወጣች። ሙዲሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ጋሼ አርብ ተመለሱ። ቦታዋ ባዶ ሆኖ ሲያገኙት፣

«ተቀመጣችሁባት?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

«አንተስ? ባሌስትራው ላይ?»

«ተቀመጥሁ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። የእህታቸው ልጅ ነኛ።

በወጣች በአራተኛው ቀን ባሱንዳ የሚባል ቦታ አጠገብ የኋላ ባሌስትራዋ ተሰብሮ ተገለበጠች። ሰው አልሞተም፤ የሹፌሩ ክንድ ተሰብሮ አሁን ድኗል፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። ሰሊጡ ግን መሬት ላይ ፈሰሰ። ሥዕሉ ላይ የተጻፈው የጭነት ልክ እዚህ አገር የሚያውቀው የለም፤ በእጥፍ ይጫንና ጆንያው ላይ የቀን ሠራተኛ ይወጣበታል። ጋሼ ያውቁ ነበር፤ እኔ ማንበብ እንጂ ሜዳውን አላውቅም። የመኪናዋ ፎቶ በአንድ ቀን ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ።

ነጋዴው እየጮኸ ግቢ ገባ። ሙዲሩ ሁላችንንም ሰበሰበና፣ «ሳትፈተን ያስወጣት ማነው?» አለ። ቱርካ ያውቃል፤ መሬት መሬት ያያል። እኔ አፌን ልከፍት ስል ጋሼ በቦት ጫማቸው እግሬን ረገጡኝ።

«እኔ ነኝ ሙዲር» አሉ። «አለቃው እኔ አይደለሁ?»

በቃ። በዚያው ቀን የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ሰጡት። በማግስቱ ሙዲሩ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ አለቃ አደረገኝ። ቤት ገብቼ «ጋሼ...» ስል፣ «ዝም በል! አንተ ገና ነህ፤ እኔ በልቼዋለሁ ዕድሜዬን» አሉ። እኔም ዝም አልሁ። መጥፎው ይሄ ነው፣ ዝም ማለቱ ቀለለኝ። ከዚያ ወዲህ ቱርካ ሙሀንዲስ ብሎ አልቀለደብኝም። «አንቱ» ይለኝ ጀመር። «አንቱ፣ የመበየጃ ኤሌክትሮድ አልቋል።» «አንቱ፣ ሣጥን መጥቷል።» ከስድብ ሁሉ የባሰ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሙዲሩ ዘንድ ገባሁና በዚያ በተሰባበረ አረብኛዬ፣ «ያቺን መኪና ያስወጣሁ እኔ ነኝ፤ ጋሼ አልነበሩም፤ ዋሽቻቸው ነው» አልሁት።

ሻዩን እያማሰለ፣ «ዐውቃለሁ» አለኝ።

«ምኑን ታውቃለህ?»

«ጋረደው ሳይቀመጥባት ያስወጣት መኪና የለችም።»

«ታዲያ ለምን አባረርሃቸው?»

«ነጋዴው ስም ፈለገ፣ ጋረደው ስም ሰጠው። እኔ ደግሞ ሥዕል የሚያነብ ወጣት ይበጀኛል ብዬ ዝም አልሁ። ማዓሌሽ።»

ማዓሌሽ! እግርህን ስለረገጥሁህ ይቅርታ እንደሚባለው። ለካ ሁለታችንም ዝም ብለን ነው የበላናቸው። «ይመለሱ» አልሁት። ሻዩን አስቀመጠ። «ከመጣ ቦታው ቦታው ነው። አንተ ግን ወደ ቡሎንህ ትመለሳለህ። እስከ ክረምት ፋብሪካው ራሱ ከኖረ ነው ደግሞ።» እሺ ብዬ ወጣሁ። ቱርካ በር ላይ ቆሞ ሰምቷል። «አንተ ሙሀንዲስ፣ ና ይቺን ያዝልኝ» አለኝ። ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ለጋሼ ዛሬ ያልነገርኋቸው ከሰሙ መንገዱን ስለሚተዉት ነው። ይህን አርባ ዓመት ያዘገዩትን ጉዞ እኔን ለመቆጣት ብለው እንዲያስቀሩት አልፈለግሁም። ነገ ይነሳሉ፣ ለጥምቀትም ይደርሱልሻል።

እማዬ፣ አሁን ጥቂት ፍቀጂልኝ፣ ለእሳቸው ልናገር። እኔን ዝም በል ይሉኛል፤ ብርቱካንን ግን ዝም በይ አይሏትም።

ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። አልተቀመጥሁባትም። ይቅር ይበሉኝ። ደግሞ እዚህ አገር የሚጫነውን እውነተኛ ጭነት ይዤ፣ የሜዳውን መንገጫገጭ ጨምሬ ሦስት ገጽ ስሌት ሠራሁ። አሥራ አንድ ብረት ወጣ። ሁለት ጊዜ ደገምሁት፤ ያው አሥራ አንድ። እርስዎ «እንዲህ ነው» ሲሉ የነበረው ይሄ ነው። መስተዋት ቤት ያሉት ይህን አያውቁም። እርስዎ የሚያውቁትን እኔ ብጽፈው፣ ለዚህ አፈር የሚሆን መኪና በዚህ ግቢ መሥራት የማንችል ይመስልዎታል? እኔ የምንችል ይመስለኛል። አሁን ግቢው ውስጥ አንዲት መኪና አልቃ ቆማለች። አሥራ አንዱንም አስሬባታለሁ፤ ከባሌስትራዋ በላይ ግን የሚቀመጥ ሰው የለም።

እማዬ፣ አሁን ብረቱን አውጪው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ነው። ከገዳሪፍ እስከ ቤትሽ በደረት ኪሳቸው ይዘውት የመጡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እጃቸው ላይ አኑሪላቸው።

አርባ ዓመት የጠበቅሽውን ወንድም በሳምንቱ መልሺልኝ ማለት ድፍረት ነው፤ ይገባኛል። አንቺ ዘንድ ልቅር ቢሉ አልከፋም። ቁልፉን ግን አይመልሱልኝ፤ የእሳቸው ነው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽን በሰው ይሙላልሽ። አንቺም ስትጸልዪ ሥራ ስጠው አትበዪልኝ፤ ሥራስ አለኝ። የሚገባው አድርገው በዪልኝ።

የምወድሽ ልጅሽ
ይልቃል

ብርቱካን፣ ቁልፉን ሲይዙት ጋሼ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ። ምንም ካላሉም እጃቸው ምን እንዳደረገ ጻፊልኝ።