የካርድ ክፍሉ ስህተት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ከቂርቆስ ካዛንቺስ በእግሬ ሄድኩ። የታክሲ ሰልፍ ከመጠበቅ ይሻላል። ካዛንቺስ ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ባለፈው ሳምንት ያቋረጥኩበት መንገድ ዛሬ የለም። ቢሮ ስደርስ መብራት ጠፍቷል። አለቃችን ተከስተ «አሁን ይመጣል» እያለ እስከ ምሳ አስቀመጠን። ስለ ኳስ ሲወራ ተዋለ።

ከሰዓት ክሊኒኩ ደወለ። ቄራ አካባቢ ያለው፣ የካርድ ክፍሉን ሲስተም የሠራንለት። የሠራንለት ማለቴ... የሠራው የበፊቱ ባልደረባዬ ዳግም ነው። እሱ ባንክ ተቀጥሮ ሲሄድ ኮዱን እኔ ወረስኩ። የደወሉት ባለቤቱ ዶክተር ሃብተአብ ናቸው። የአንዱ ሰው ምርመራ በሌላ ሰው ስም እየተመዘገበ ነው አሉ። ኮዱን ከላይ ከላይ አየሁት። ምንም የለውም።

«ሲስተሙ ደህና ነው ዶክተር። ምናልባት የሚመዘግበው ሰው ተሳስቶ ይሆናል።»

«እኔም የጠረጠርኩት እሱን ነው» አሉ።

ተገላገልኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

አልተገላገልኩም። ዛሬም የሁለት ሰው ምርመራ ተቀላቀለ። ለመንጃ ፈቃድ ሊመረመር የመጣ ጎረምሳ ስኳር አለብህ ተብሎ ክው አለ። ስኳር ያለባቸው አዛውንት ደግሞ «ነፃ ነዎት» ተብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በስልክ አፈላልገው መለሷቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባይመልሷቸውስ?

ተከስተ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲቀመጥ ነገር አለ ማለት ነው።

«ፍሬ፣ ይሄን ነገር ቶሎ ጨርሺው። ግን ማለቴ... የኛ ችግር ነው ምናምን እንዳትዪያቸው። በታኅሣሥ ኮንትራት ይታደሳል፣ በቃ።»

ኮዱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ አነበብኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ የታካሚውን ካርድ ስትከፍት ስሙና የካርድ ቁጥሩ አሬይ በሚባል አንድ የመረጃ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ። አሬዩ ሰርቨሩ ለጊዜው በሚይዘው ማስታወሻ፣ ሴሽን ላይ ይቀመጣል። «መዝግብ» ስትጫን ሰርቨሩ የጻፈችው ምርመራ የማን እንደሆነ ከዚያው አይቶ ይመዘግባል። አለቀ። ተማሪ እያለን የምንሠራው ነገር ነው። የቱ ጋ ነው ታዲያ ሰው የሚለዋወጠው?

አርብ፣ ኅዳር 5

በማላምነው የኮድ መስመር ሁሉ አሬዩ የያዘውን ስክሪን ላይ እያወጣሁ ሳይ ዋልኩ። ሁሌም ትክክል። ስሙ ትክክል፣ ቁጥሩ ትክክል። ሴሽኑ ጊዜው እያለፈበት ይሆን ብዬ ሰዓቱን አራዘምኩ። አይደለም። መብራት ሲቆራረጥ ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? አይደለም። ሁለት ሰው ተራ በተራ ሲመዘገብ ልየው ብዬ በሁለት ብሮውዘር፣ በክሮም አንድ፣ በፋየርፎክስ አንድ ከፈትኩ። አልተቀላቀለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን፣ ኤአዩን፣ ጠየቅኩት፤ ምክንያት ደረደረልኝ፣ አንዱም አይደለም።

እዚህ ሥራ ላይ ምን እየሠራሁ ነው? እማዬ «ልጄ ኮምፒውተር ትጠግናለች» ትላለች ለጎረቤት። የቱን ጠገንኩ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ፍሬሰላም ነሽ? ገበያነሽ እባላለሁ። ካርድ ክፍል ያለሁት።»

ድምጿ እናት እናት ይላል። ዶክተሩ ማስጠንቀቂያ ጽፈውላታል። ከዚህ በኋላ ከተሳሳትሽ ትሄጃለሽ ተብላለች። ሁለት ልጅ ታሳድጋለች፣ ብቻዋን።

«እኔ እኮ ስሙን አይቼ ነው የምጫነው። ከፊቴ የቆመውን ሰው ስም ስክሪኑ ላይ አይቼ! በወረቀት በነበረ ጊዜ ስንት ዓመት ስሠራ የሰው ካርድ አላምታታሁም። አሁን ምን ነካኝ?»

«እያየነው ነው እትዬ ገበያነሽ።»

እያየነው ነው! «የሚመዘግበው ሰው ተሳስቶ ይሆናል» ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን ሰው ስል እሷን እያልኩ እንደሆነ አላሰብኩም። ሰው መሆኑንም ያሰብኩ አይመስለኝም። አፈርኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አላገኘሁትም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

አገኘሁት!

ጠዋት ዝም ብዬ ክሊኒኩ ሄድኩና አጠገቧ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ሰልፉ እስከ በሩ ነው። ኔቱ ይንቀረፈፋል። የአንዱን ሽማግሌ ካርድ ከፈተች፤ ገጹ ይሽከረከራል፣ አይመጣም። እሷ እሱን አልጠበቀችም። በዚያው ብሮውዘር አዲስ ታብ ከፍታ ከኋላቸው ያለችውን ልጅ ያዘለች ሴት መመዝገብ ጀመረች። የሽማግሌው ገጽ ሲመጣላት ወደ እሱ ተመልሳ «መዝግብ» ተጫነች።

«እትዬ፣ አሁን ምን አረግሽ?»

«ምን ላርግ? ኔቱ እስኪመጣ ሰው አስቁሜ ልየው? የአንዱ እስኪከፍት የሌላውን እጀምራለሁ። ሴትዮዋ ልጅ አዝላለች እኮ።»

ብሮውዘሩ አንድ ነው፣ ስለዚህ ሴሽኑም አንድ ነው። ታቡ ሁለት ቢሆን ሰርቨሩ አያውቅም። የሴትዮዋ ካርድ ሲከፈት አሬዩ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ጠፍተው እሷ ትተካለች። ስክሪኑ ላይ ግን የሽማግሌው ስም እንዳለ ነው! እትዬ ገበያነሽ ትክክለኛውን ስም አይታ ትጫናለች፣ ሰርቨሩ በሌላ ሰው ስም ይጽፋል። ያለችው ሁሉ እውነት ነው። እኔ ደግሞ በሁለት ብሮውዘር ስሞክር ለሁለቱም የየራሳቸውን ሴሽን ሰጥቼ... እንዴት ይቀላቀል?

«እትዬ፣ አንቺ አይደለሽም። እኛ ነን።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ለዶክተሩ ንገሪልኝ» አለች። እስካስተካክለው ድረስ አንድ ታብ ብቻ እንድትከፍት ነገርኳት፤ ያሁኑንም አብረን አረምነው። ዶክተሩ ሐዋሳ ሄደዋል፣ ነገ ይመለሳሉ አሉ።

ቢሮ ተመልሼ ለተከስተ ነገርኩት። ደስ ብሎት ጠረጴዛ መታ። ቀጥሎ ድምጹን ዝቅ አደረገ።

«ዝም ብለሽ አስተካክዪው። አፕዴት ነው እንላለን።»

«እትዬ ገበያነሽስ?»

«እሷን ለኔ ተይልኝ። ዶክተሩን እኔ ነገ አናግራቸዋለሁ። አንቺ ኮድሽን ሥሪ።»

እሺ አልኩ። ለምን እሺ አልኩ?

አርብ፣ ኅዳር 12

ጨረስኩ። አሬዩ አሁን በካርድ ቁጥር ተከፋፍሏል፤ እያንዳንዱ ታካሚ የራሱ ቦታ አለው፣ ፎርሙም የማን እንደሆነ ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ታብ በታብ ላይ ከፍቼ አሠቃየሁት። ንቅንቅ አላለም። ክሊኒኩ ሲዘጋ ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ስንት ቀን እንቅልፍ የነሳኝ ነገር... ሲያልቅ ትንሽ ነው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ለእትዬ ገበያነሽ ላበስራት ደወልኩ።

አርብ ከሰዓት አሰናብተዋታል። እኔ እዚህ ታብ እየከፈትኩ ስደሰት ማለት ነው። ዶክተሩ ከሐዋሳ እንደተመለሱ፣ ብናርመውም የሐሙሱን ጠዋት ስህተት ሰሙ። የሽማግሌውን። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያየሁትን!

ተከስተ ጋ ገባሁ። «አናግራቸዋለሁ ብለህ አልነበር?»

«ጊዜው አልተመቸኝም ፍሬ። ማለቴ... እንዴት ብዬ ልጀምረው?»

እኔስ? የዶክተሩ ስልክ እኔ ጋ አልነበረም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ከተከስተ ሳላስፈቅድ ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሴሽኑን፣ አሬዩን፣ ታቡን። ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። ጥሩ ሰው ናቸው፣ አላቋረጡኝም።

«ልጄ፣ ልብሽ ጥሩ ነው። ግን ይኸው፣ እሷ ከሄደች ወዲህ አንድ ስህተት የለም።»

«እሱ እኮ አርብ ማታ ስላስተካከልኩት ነው!»

«አለቃሽን ጠይቄው ነበር። መደበኛ አፕዴት ነው አለኝ። አንቺም መጀመሪያ ስደውል ሲስተሙ ደህና ነው፣ ሰው ተሳስቶ ነው ብለሽኛል። አዝነሽላታል። እኔም አዝኛለሁ።»

ማስረጃዬ ያስተካከልኩት ኮድ ነው። የእሷ ጥፋት ማስረጃም ያው ኮድ ሆነ። ባላስተካክለው ኖሮ ስህተቱ ያለ እሷም ይቀጥልና ትድን ነበር። እያበድኩ ነው?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

የክሊኒኩ ኮንትራት ጊዜው ሳይደርስ ታደሰ። ተከስተ በሰው ፊት አመሰገነኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ የካርድ ክፍሉን አዲስ ልጅ ላሠለጥን ወደ ክሊኒኩ ላከኝ። ሲፋን ትባላለች፣ ፈጣን ናት። ታቡን ረድፍ ሙሉ ከፍታ ነው የምትሠራው። ነርሷ በአጠገባችን ስታልፍ «ይቺ ጥንቁቅ ናት፣ እንደ በፊቷ አይደለችም» አለች። የበፊቷ አልተሳሳተችም አልኩ። ነርሷ ሄዳለች። የሰማችኝ ሲፋን ብቻ ናት፣ እሷም ፈገግ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

ለገሃር ታክሲ ስጠብቅ እትዬ ገበያነሽን አገኘኋት። ከስታለች። ሥራ አላገኘችም፤ ያመለከተችባቸው ቦታዎች ክሊኒኩን ደውለው ይጠይቃሉ።

የምስክር ወረቀት በራሴ ስም ልጽፍልሽ፣ የሚጠይቅ ካለ ልሂድና ላስረዳ አልኳት። ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ ልጄ፣ አትድከሚ። እኔው ነኝ መሰለኝ። ከወጣሁ ወዲህ አንድም ስህተት የለም አሉ እኮ።»

«እትዬ! አብረን አላየንም? ታቡን...»

«አይቻለሁ፣ አይቻለሁ» አለች፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ። «ግን ዓይኔም ደክሟል። ዛሬ ላስለካ እየሄድኩ ነው።»

ትቻት መሄድ አልቻልኩም። መነጽር ቤት ድረስ አብሬያት ሄድኩ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እስከ መጨረሻው ረድፍ ድረስ አነበበቻቸው። የለካት ልጅ ዓይንሽ ምንም አልሆነም፣ መነጽር አያስፈልግሽም አላት።

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ደረጃው ላይ ቆም አለች።

«እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው» አለችኝ።