የሙና መህር

ለናፍቆቴ ለእህቴ ለከሪማ፤ ሪያድ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እህት ዓለም፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ? ሥራውስ እንዴት ይዞሻል? አሠሪዎችሽ ዕረፍት መስጠት ጀመሩ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ሐርቡ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ አልፎ አልፎ ያስቸግራታል። በስልክ እንዳናወራ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አላስጨርስ ስላለን፣ ለዑምራ በሚሄድ ሰው እጅ ይህን ላክሁልሽ።

የኒካሄን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ ከሙና አባት ከሀጅ አብዱልባሲጥ ጋር የተስማማነው ለሙና በምሰጠው መህር፣ በአሥር ግራም ወርቅ ነበር። እንደምታውቂው እሳቸው ደሴ ፒያሳ ላይ ወርቅ ቤት አላቸው፤ ሚዛኑ ላይ የምትቀመጠውም ሙና ናት። ያኔ ወርቁን ቆጥቤ በዓመት የምገዛው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ውጊያው ተነሣ። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የተወደደው እህልና ዘይት ነው። ሹፌሩ ለአደጋው ብሎ ጭነት ላይ ጨመረ፣ ነጋዴው ደግሞ ዕቃው ላይ ጨመረ። ቀጥሎ የምሠራበት ጨርቃጨርቅ ፋብሪካችን ተነካ። ክርና መለዋወጫ የሚገዛበት ዶላር የለም ተባለ። ሦስት የነበረው ፈረቃ አንድ ሆነ፤ እኔም በሳምንት ሦስት ቀን እየሠራሁ ግማሽ ደሞዝ መውሰድ ጀመርሁ። ወርቁ ደግሞ በየወሩ ይሸሻል። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ደሴ ወጥቼ ዋጋ እጠይቅና ባዶ እጄን እመለሳለሁ። በኋላ የወር ደሞዜ ግማሽ ግራም እንኳ አልገዛ አለ።

አንድ ቀን ሀጅን ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ሰው ጦርነት ሲሰማ ብር መያዝ ይፈራል። ያለው ወርቅ ይገዛል፤ የሌለው የነበረችውን ይሸጣል" አሉኝ። እውነትም ያን ቀን ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ሁሉ ሻጮች ነበሩ። ራቢያ የምትባል የሐርቡ ሴት ጉትቻዋን አውልቃ ሙና ፊት አስቀመጠች። መህሯ ነው። ሙና መዝና ብሩን ስትሰጣት "ለጤፍ ይበቃኛል?" ብላ ጠየቀቻት።

በሳምንቱ ሙና፣ ኒካሁን የሚያስሩልን ሸኽ ከሊድ ባሉበት ለአባቷ ተናገረች። "ቀኑን ሙሉ የሰው መህር ስመዝን ነው የምውለው። ተውፊቅ ወርቅ ቢገዛልኝ ከማን ጆሮ እንደወረደ አውቀዋለሁ። የእኔ መህር አንድ ኩንታል ጤፍ ይሁን" አለች። ሀጅ ተቆጡ። "የወርቅ ነጋዴ ልጅ በጤፍ ተዳረች ሊባል ነው?" አሉ። ሸኹ ግን "መህር የልጅቷ ሐቅ ነው። እሷ ከወደደች እኔም እርስዎም የምንለው የለም" አሏቸው። ሀጅ ዐሥር ቀን ያህል አላናገሯትም። እኔም ነገሩን ያፈርሱታል ብዬ ፈርቼ ነበር። በኋላ ግን ሐቋ ነው ብለው እሺ አሉ።

ኒካሁ መስከረም መጨረሻ ላይ ታሰረ። ሀጅ እጄን ጨብጠው "ልጄን ሙናን በአንድ ኩንታል ጤፍ ድሬልሃለሁ" አሉ። እኔም ተቀበልሁ አልሁ። ለወርቅ ካጠራቀምሁት ጤፉ ተገዝቶ የተረፈው ለቤት ኪራይና ለአልጋ ሆነን።

ባለፈው ሰኞ ሀጅ ሊጠይቁን መጡ። ጆንያውን ቆመው አዩትና "አሁን ስንት ገባ?" አሉኝ። ከገዛሁበት ጨምሯል አልኋቸው። ወደ ሙና ዞረው "ወርቅ ቤቱን ላንቺ ልተውልሽ መሰለኝ" አሏት። ከተቀያየሙ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

ሌላው፣ በስልክ አምባሮችሽን ልላክላችሁ ብለሽኝ ነበር። አትላኪ። የሰባት ዓመት ልፋትሽ ነው። ለሙና ስነግራት "ንገራት፤ የእሷን እጅ ወርቅ ሚዛኔ ላይ እንዳላይ" አለችኝ።

እማ በዱዓዋ አትረሳሽም፤ ቡን ሳትጠጪ አትዋይ፣ ብርድ እንዳይመታሽ ብላሻለች። ሙና ባታውቅሽም ናፍቃሻለች። አብራሽ ለምትኖረው ለሀስና፣ ለባለቤቷ ለባሽርና ለትንሿ ሰልዋ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አላህ በዐይነ ሥጋ ያገናኘን።

ወንድምሽ ተውፊቅ
ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም.