ረቡዕና ዓርብ የሚጎድሉ ንስሮች

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

እኔ ደከምኩ! እኔ! የዓመት ፈቃዴን በሙሉ ለዚህ ሥራ የሰጠሁት፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ከካዛንቺስ አራት ኪሎ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ተጋፍቼ፣ እንጦጦን በእግሬ የምወጣው ሴትዮ!

ፋይሉን ሳገላብጥ ነው ያየሁት። ባለፈው ረቡዕ ቅጽ ላይ፣ “አስተያየት” በሚለው ቦታ፣ በጋሽ ተፈራ እጅ ጽሑፍ፦ “ቆጣሪዋ በጾም ምክንያት ደክማ ነበር።” ዓርብም እንደዚያው። ከሥሩ የኔ ስም።

ጋሽ ተፈራ ቡድናችንን ያቋቋሙ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። በፈቃደኝነት ተሰባስበን፣ በዚህ ወቅት ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሰደዱትን ንስሮችና ጭልፊቶች ከተራራው ጫፍ ላይ እንቆጥራለን። ወቅቱ ሲያልቅ ቅጾቹ ተጠርዘው ይቀመጣሉ። ስሜም ከነስድቡ አብሮ ይጠረዛል ማለት ነው።

ጠየቅኳቸው። “ረቡዕና ዓርብ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ንስር እንደሆነ አይጾምም” አሉኝ። ሰሚራም እኮ አብራኝ ነበረች ብላቸው፣ “እሷ መዝጋቢ ናት፤ ዓይኗ ወረቀት ላይ ነው” አሉ።

ባለፈው ቅዳሜ አራት መቶ አሥራ ሁለት ስቆጥር ግን አጨብጭበውልኝ ነበር። ያን ቀን ንቁ ነበርኩ!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

እልህ ይዞኝ አልተቀመጥኩም። ከሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆሜ ቆጠርኩ። ውሃ እንኳ አልቀመስኩም። ሰባ ሦስት! ሰባ ሦስት ብቻ። ትናንት ተረኛ የነበረው ሌላው ቡድን ከሁለት መቶ በላይ ቆጥሯል። እንባዬ መጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደ ልማዳችን ዕቃችንን ስንሸክፍ ሰሚራ፣ “እትዬ አስቴር፣ ረቡዕና ዓርብ እኮ አባዬም ሥራ የለውም” አለችኝ። አባቷ ቄራ አካባቢ ቆዳ ነጋዴ ናቸው።

“ምን አገናኘው?”

“በቃ፣ ክርስቲያኑ ሥጋ አይበላ! የሚታረደው የእኛ የሙስሊሞቹ ብቻ ነው። ማለቴ፣ ቆዳውም አንጀቱም ትንሽ ነው የሚወጣው።”

አንገቴ ላይ ያለውን ባይኖኩላር አንስቼ ቁልቁል ወደ ቄራ አቅጣጫ አየሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ተራችን ስላልሆነ ከሰሚራ ጋር ቄራ ሄድን። ሽታው አይጣል ነው። አጥሩ ጥግ ቆመን ቀና ስንል ሰማዩ በወፍ ተሞልቷል፦ ጥንብ አንሳ፣ ጭልፊት፣ ንስር።

አንዱን ንስር አወቅኩት። ግራ ክንፉ ላይ ሁለት ላባ የጎደለው፣ እኔው ራሴ ወላቃው ያልኩት። ባለፈው ቅዳሜ ተራራው ላይ “መልካም መንገድ” ብዬ ሸኝቼዋለሁ። ሰኞ ደግሞ ሌላ መስሎኝ ቆጥሬዋለሁ። ኬንያ ደርሷል ያልኩት ንስር እዚህ አንጀት ይጎትታል! የሚያድረው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት በላያችን አልፎ ቁርሱን ሊበላ ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ ስደተኛ እያልን እንመዘግበዋለን። እርድ በሚያንስበት ረቡዕና ዓርብ ግን ብዙዎቹ አይወርዱም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን አራት መቶ አሥራ ሁለቱስ? መሥሪያ ቤት ያልነገርኩት ሰው የለም። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ካልኩ ግን “ደክማ ነበር” እንዳለ ይቀራል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። “የቄራ ወሬ ይዘሽልኝ መጣሽ? አርባ ዓመት ወፍ አይቻለሁ!” አሉ።

“አይተዋል ጋሼ። ግን እርስዎ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከተራራው ይወርዳሉ። ንስሮቹ ሲመለሱ ማን አያቸው?” ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ ሰሚራ ክንዴን ያዘችኝ። ነገ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ይቆዩ አልኳቸው። ኮታቸውን እየቆለፉ “እቆያለሁ!” አሉ፣ እንደ ዛቻ።

የዛሬው ቁጥር ስልሳ ስምንት። አልደነቀኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጠዋት ወደ ደቡብ ያለፉት ሁለት መቶ ስድስት። በዘጠኝ ሰዓት ሌሎቹ ወረዱ፤ ሦስታችን ቀረን። እስከ አሥር ሰዓት ምንም የለም። ጋሽ ተፈራ አንዴ ሰዓታቸውን፣ አንዴ እኔን ያያሉ።

አሥር ተኩል ላይ ከከተማው በኩል አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ በመንጋ መጡ። ጠግበው፣ ክንፋቸው ከብዷቸው፣ ወደ ጫካው። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው እየጮሁ ቆጠሩ፣ ሰሚራ ጻፈች። ወላቃው በራሳችን ላይ ሲያልፍ “ይኼ ነው?” አሉኝ፤ “እሱ ነው” አልኩ። የተመለሱት መቶ ዘጠና አምስት።

ጋሽ ተፈራ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የተመለሱትን ከጠዋቱ ቁጥር ቀነሱ። “በእርግጥ የሄዱት አሥራ አንድ ናቸዋ” አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ፋይሉን ከፍተው “ደክማ ነበር” የሚለውን በሁለት መስመር ሰረዙና “ቆጣሪዋ ነቅታ ነበር። ቄራው ነው የጾመው” ብለው ጻፉ። ዓርብም ላይ እንደዚያው። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ከአፋቸው አልወጣችም! እስካሁን ያንገበግበኛል።

የባለፈውን ቅዳሜ ቅጽ ገልጠው እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ቀረ። ቀና ብለው አዩኝ። ብተወው የሚተዉልኝ ይመስለኛል። ተቀበልኳቸውና አራት መቶ አሥራ ሁለትን በራሴ እጅ ሰርዤ ፈረምኩ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ምን እንደምላቸው እንጃ። ግን አሥራ አንዱ አልተመለሱም። እስኪጨልም ጠብቀናል።