ቁጥር ሃያ ሦስት

ለቀድሞ እጮኛዬ፣

ከገጣሚው ቤት አንድ ግጥም መጣ ስትል ጸሐፊያችንን ኮሪደር ላይ ሰማኋት። ገጣሚው ባልሽ መሆኑ ነው። ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሻል? ሳል ይዟት ነበር ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ለቀቀሽ? የእናትሽስ ጉልበት? እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ብትረሺውም አልቀየምሽም።

እኔ አሁን የመማሪያ መጽሐፍ ኮሚቴ ውስጥ ነኝ። ግጥሞች ያለ ስም፣ በቁጥር ብቻ ይቀርቡልናል፤ ስሙ በታሸገ ፖስታ ይቆያል። ፖለቲካ የነካ አይገባም። የኔ ድርሻ ከክርክር ውስጥ ያልተነገረውን ግምት ፈልፍሎ ማውጣት ነው፤ ሰው «ስለዚህ» ሲል ምኑን ዘሎ እንደመጣ አሳያለሁ። በዚህ ሥራ የሚስተካከለኝ የለም ይባላል። የምለው እኔው ነኝ።

ቁጥር ሃያ ሦስት ስለ አንድ ወንበር ነበር። መስኮት ሥር ቆሟል፤ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ የታጠፈ ወረቀት ተደርጎለታል፤ እንግዳ ቢመጣ እንኳ አይቀመጥበትም። አንብቤ ሳልጨርስ ደሜ ፈላ። ያን ወረቀት ያኔ አንቺ ቤት ስመላለስ ያጠፍኩት እኮ እኔ ነኝ! አንቺን ወሰደ፣ እሺ። ወንበሬን ደግሞ ግጥም ያድርገው?

ኮሚቴው ወዶት ነበር። እኔ ተነሣሁና፣ ባዶ ወንበር የሚጠብቅ ሰው አሁን የተቀመጠውን አልፈልግም ማለቱ ነው፤ ያልተነገረው ግምት ይህ ነው አልኩ። ሊቀመንበራችን ድሮም ስለ ወንበር ሲወራ ደስ አይለውም፤ ግንባሩን ጠረገ። አራሚያችን፣ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ልጄ፣ ወንበሩ ወንበር ብቻ ቢሆን ምን ይጎድልብሃል? ደግሞስ አንተን ምን እንዲህ አንጨረጨረህ? አሉኝ። ሥራዬ ነው እትዬ አልኳቸው። አምስት ለሁለት ወደቀ። አንዴ «ፖለቲካዊ» የተባለ ጸሐፊ ደግሞ ዳግመኛ ለኛ ማቅረብ አይችልም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው።

ወንበሩ ወንበር ብቻ መሆኑን ከዚያ ክፍል ውስጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ለማንም አልተነፈስኩም፤ ላንቺ ተነፈስኩ። ንገሪው፣ አትንገሪው፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ካዘነ ግን ምን ያህል እንዳዘነ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ክፉ ሰው ሆኛለሁ፤ አይግረምሽ።

ጤናሽን ያብዛልሽ፤ እናትሽን ያቆይልሽ፤ ቤትሽም የሰላም ይሁን። ይህቺን የመጨረሻዋን ሳላምጥ አልጻፍኳትም።

የቀድሞ እጮኛሽ

በማግስቱ የተጨመረ፦ የወደቁትን ለባለቤቶቻቸው ለመመለስ የስም ፖስታዎቹ ዛሬ ጠዋት ተከፈቱ። በቁጥር ሃያ ሦስት ፖስታ ውስጥ ያለው ስም ያንቺ ነው።