ስለ ቱኪዩስ ጨርቅ የጻፍኩት ሽሙጥ

የማርቲዩስ ወር ሊጋመስ አምስት ቀን ሲቀረው

ሦስት ስንኝ ጻፍኩ፣ አራት ፋቅሁ። እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ውዳሴው እምቢ አለኝ፤ ሽሙጡ ግን ይፈስልኛል... ሰው ማማት መቼ አቅቶኝ! ዛሬ የያዝኩት ወዳጄን ቱኪዩስን ነው። ግብዣ ሲጠሩን የእጅ መጥረጊያ ጨርቅ ይዘን እንሄዳለን፤ የተረፈች ቁራሽም ጠቅልለን እንወጣለን፤ ደንብ ነው። የሱ ጨርቅ ግን አንሶላ ያህላል! ግማሽ ዓሣ ይዞ ይወጣል። ስሙን ቀየርኩት። ማን ያውቅበታል?

ማርቲዩስ ሊጋመስ ሁለት ቀን ሲቀረው

ባለጸጋው ሉኬዩስ ቤት ራት ላይ አነበብኩት። ሁሉም አወቀበት። ሉኬዩስ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "ቱኪዩስ፣ ጨርቅህን አሳየና!" ቱኪዩስም ሳቀ... ጨርቁን ግን አልዘረጋም። ባዶ እጁን ወጣ። እኔ ሆዬ፣ ጭብጨባው ጣፍጦኝ ደግሜ አነበብኩት።

ማርቲዩስ በተጋመሰ ዕለት

ቱኪዩስ አልመጣም። ጠዋት ጠዋት ሳያየኝ አይውልም ነበር።

የአፕሪሊስ ወር ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው

ይቅርታ መጠየቂያ ውዳሴ ጻፍኩለት። ነፋስ፣ ማዕበል፣ መርከብ፣ አማልክት... ምን ያልከተትኩት አለ? መንገድ ላይ አስቁሜ አነበብኩለት።

"ማነው ይሄ ሰውዬ?"

"አንተ ነህ እንጂ።"

"እኔ መርከብ አለኝ እንዴ?" ብሎኝ ሄደ።

አፕሪሊስ ሊገባ ስምንት ቀን ሲቀረው

ቤቱ ሄድኩ። የለም። ያገኘሁት ዓይነ ስውር እናቱን ብቻ።

"ሰው ሁሉ የሳቀበትን ግጥም እስቲ በልልኝ፣ ልጄ።"

በቃሌ አውቀዋለሁ... በምን ላምልጥ? ግጥሙን አልኩላት። ጥቂት ሳቀች።

"ዓሣውን ግን ለማን ነው የሚወስደው? እሱን አልጻፍክም።"

እንዴት እንደከሳች ያየሁት ያኔ ነው። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

አፕሪሊስ በገባ ዕለት

የጎደለውን ጨምሬ እዚያው ሉኬዩስ ቤት አነበብኩ። እናቲቱን። ከዚያ፣ ወዳጁን ለአንድ ራት ሳቅ የሸጠውን ገጣሚ። ከዚያ፣ ዓሣ ሰጥቶ ሰው የሚያሳቅቀውን ጋባዥ። ማንም አልሳቀም። "የፊተኛው ይሻል ነበር" አለ ሉኬዩስ፣ ፊቱን አጥቁሮ። ሁለተኛ እንደማልጠራ ገባኝ። ጀግና ነኝ ብዬ ወጣሁ፤ ደጅ ስደርስ ራት አለመብላቴ ትዝ አለኝ።

አፕሪሊስ ሊጋመስ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው

ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ቱኪዩስ! እጁ ላይ አንድ ድስት ባቄላ።

"ሁለታችንንም ከገበታ አስነሳኸን፣ አንተ ከንቱ!"

"አዎ..."

"እናቴ ናት የላከችልህ። 'ያንን ልጅ ከእንግዲህ ማን ያበላዋል?' ብላ።"

ድስቱን ተቀብዬ በላሁ።